ከበር የማይወጣ ጠረጴዛ

ሀምዲን አዳራሹን በሜትር ሲለካ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ቁጥሩ ከማክሰኞ እስከ ረቡዕ እንደማይለወጥ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት እንጨት ሲለካ የኖረ አናጢ ነው። ነገር ግን ሜትር የያዘን ሰው ማንም አያናግረውም፤ ቁጥሩ ይጠፋበታል ብሎ ይፈራል። በዚያ ሳምንት ሀምዲን ከአላህ የሚለምነው አንድ ነገር ቢኖር ሰው እንዳያናግረው ነበር።

ቦታው ኮምቦልቻ፣ የአንድ የሳሙናና የዘይት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማውን ሲያዳርስ ሕንፃው ተዘርፎ ባዶውን ቀረ። ኮምፒውተሩ፣ ወንበሩ፣ መጋረጃው ይቅርና የመብራቱ ገመድ ሳይቀር ከግድግዳ ውስጥ ተመዞ ተወስዷል። ፋብሪካው እንደምንም ቶሎ ሥራ ጀመረ። የቢሮው ሠራተኛ ግን ግማሹ አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ተጠልሎ፣ ግማሹ ከየቤቱ በስልክ እየሠራ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን በመጪው ሰኞ አርባ ሁለት ሰዎች ወደ ኮምቦልቻ ሊመለሱ ነው፤ ሕንፃው የሚታደሰውም ለእነሱ ሲባል ነው።

እድሳቱን የሚመራው ምክትል ሥራ አስኪያጁ ወንድምአገኘሁ ነው። ወጣት ነው፤ ቅን ነው፤ ችኩል ነው። ከአዲስ አበባ ባመጣው ንድፍ ላይ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። አሥራ አንዱን ጠባብ ክፍል አስፈርሶ አንድ ሰፊ አዳራሽ አደረጋቸው፤ ወደ መንገዱ በኩል ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት አስገባ፤ የጥይቱን ቀዳዳ አስደፍኖ ነጭ ቀለም አስቀባ። «ሰው ሲገባ ብርሃን ይቀበለው፤ ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ነገር እንዳያይ» ይላል። ሀምዲን በልቡ «ግድግዳ በማፍረስ የሚረሳ ነገር ቢሆንማ እኔም ቤቴን ባፈረስኩ» አለ። አፉ ግን «እሺ» ነበር ያለው።

ከድሮው ዕቃ ወንድምአገኘሁ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትልቁን የስብሰባ ጠረጴዛ። ሀያ ሰው የሚያስቀምጥ የዋንዛ ጠረጴዛ ነበር። የድርጅቱ አናጢ ሀምዲን ራሱ ነው ኩባንያው ሲቋቋም የሠራው፤ በበሩ ስለማይገባ ክፍሉ ውስጥ ነው የገጣጠመው። በበር ያልገባ ነገር ደግሞ በበር አይወጣም። የሀምዲን ጣጣ የተጀመረው ከዚህ ነው።

ነገሩን ያወጣችው ሱሀይላ ነች፤ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ። የደሴ ነጋዴ ልጅ ነች፤ ቅድመ አያቷ ከየመን ጨርቅ ተሸክመው የመጡ ናቸው ይባላል። ከእሷ ዓይን መርፌ አያመልጥም። «ፊርማ የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ዕቃ ነው» የምትል፣ ለአንድ እስክርቢቶም የምታስፈርም ሴት ነች። የፈረሰው ግድግዳ ፍርስራሽ ሲጠረግ ከሥሩ ሁለት የጠረጴዛ እግሮች ወጡ። ሱሀይላ አንሥታ አገላበጠቻቸውና ወንድምአገኘሁ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ዘራፊ ጊዜ የለውም» አለችው። «የሚሸከመውን ይዞ ይሮጣል፤ የማይሸከመውን በመጥረቢያ ሰባብሮ ይሄዳል። ይሄ ግን እንዴት ጥርት ብሎ እንደተቆረጠ እዩት። የመጋዝ ሥራ ነው። ተረጋግቶ፣ ለክቶ የቆረጠ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእሷ እጅ ወጣ። አንድ ሰው እግሮቹን በስልኩ አንሥቶ ተመላሾቹ ሠራተኞች የሚጻጻፉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለቀቀው። «ከእኛ መካከል መጋዝ ያለው ማን ነው?» የሚል ተጻፈበት። እስከ ማታ መቶ ሰው የሌለበት ቡድን ሁለት መቶ መልስ አወጣ። አንዷ «ግድግዳ በሌለበት አዳራሽ ከዘራፊ ጋር ጎን ለጎን ልቀመጥ ነው?» ብላ ጠየቀች። አሥራ ሰባት ሰዎች ነገሩ ሳይጣራ አንመለስም አሉ።

ወንድምአገኘሁ እንቅልፍ አጣ። ቦርዱ ሠራተኛው ሰኞ ካልተመለሰ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ይቅር ብሏል። ስለዚህ በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ውስጥ የቀሩት ተጠይቀው ጉዳዩ እንዲጣራ ለሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቀጠረ። ጥፋተኛው ተባርሮ ስሙ ሰኞ በአቀባበሉ ላይ ይነገራል። «ቤታችንን አጽድተን እንቀበላችኋለን» ብሎ ቡድኑ ውስጥ ጻፈ። ጽሑፉን ለሀምዲንም አነበበለት፤ ሀምዲን በአጠገቡ የመስታወቱን ክፈፍ እየገጠመ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይሄ ነው።

እንግዲህ አንባቢን ማስጨነቅ ምን ያደርጋል። ጠረጴዛውን የቆረጠው ሀምዲን ነው።

በዚያ ኅዳር ከተማው ሲሸሽ ሀምዲን አልሸሸም። እናቱ ኮምቦልቻ ውስጥ አልጋ ላይ ነበሩ፤ የሚነሡ ሰው አልነበሩም። ሚስቱ ጀሊላ ልጆቹን ይዛ ወደ ገጠር ስትሄድ እሱ ከእናቱ ጋር ቀረ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ይስማውም አልሸሸም። «በር ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?» አለ። ረቡዕ ቀን ሊዘርፉ የመጡት እዚያው በሩ ላይ ገደሉት። ሚስቱ አንጓች ያን ጊዜ ከእህቷ ዘንድ ሩቅ ገጠር ነበረች።

ይስማውና ሀምዲን ሀያ ዓመት በአንድ በር ሲገቡና ሲወጡ ተቃልደዋል። «አንተ እስላም፣ እኔ ስሞት ሣጥኔን ካንተ በቀር ማንም እንዳይሠራው። ለአለቆች የምትሠራበትን ጥሩውን እንጨት አድርግልኝ» ይለዋል ይስማው። «አንተ ቀድመህ ሙትና እናያለን» ይላል ሀምዲን። ሁለቱም ይስቃሉ። በወሎ እንዲህ ያለ ቀልድ ብርቅ አይደለም፤ ቀልዱ እውነት የሚሆንበት ቀን አለ ብሎ የሚያስብ ግን የለም።

ይስማው በተገደለ ማግስት፣ ሐሙስ፣ ሀምዲን መጋዙን ይዞ ወደ ሕንፃው ገባ። ሱቅ የለም፣ ገበያ የለም፣ በከተማው አንዲት ሳንቃ አትገኝም። በተዘረፈው ሕንፃ ውስጥ የቀረው ያ ከበር የማይወጣ ጠረጴዛ ብቻ ነበር። በገዛ እጁ የገጠመውን በገዛ እጁ ፈታ። የመጋዙን ድምፅ የሩቁ ተኩስ ሸፈነለት። እስከ ማታ ሣጥኑ አለቀ፤ ውስጡን የጀሊላን ነጭ ነጠላ አለበሰው። ዓርብ ጠዋት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በእጅ ጋሪ እየገፉ ቤተ ክርስቲያኑ በር አደረሱት።

ቄሱ ሣጥኑን ዞረው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ሁለት ሰው ይይዛል እኮ። ለምን ይህን ያህል ሰፋ?» አሉት።

ያን ጊዜ ነው ስህተቱ ለሀምዲን የገባው። በሕይወቱ የሬሳ ሣጥን ሠርቶ አያውቅም። የሚያውቀው የራሱን ሰዎች አቀባበር ነው፤ ሙት በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ፣ ያዞራል። እጁ ሳያስበው ለመጋደሚያው ቦታ ትቶ ነበር የለካው። ቆፋሪዎቹ የቆፈሩትን ጉድጓድ እንደገና ማስፋት ግድ ሆነባቸው፤ በዚያ ላይ ተኩሱ እየቀረበ ነበር። ሀምዲን ለእፍረቱ መሸሸጊያ አጣ። ቄሱንም ሽማግሌዎቹንም «ማን እንደሠራው ለማንም እንዳይነግሩ፣ አደራ» አላቸው። ሁሉም አደራውን ጠበቁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በጥያቄው ዋዜማ ረቡዕ ማምሻውን፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሀምዲንን ደሴ አገባው። ሰኞ ገበያ ሰፈር ወርዶ ሰው እየተጋፋ ቤቱ ደረሰና በቀጥታ ወደ ጓሮው ዞረ። እዚያ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ስምንት የዋንዛ ሳንቃዎች ተደርድረዋል። ዛፉ ከደጋን ገጠር፣ ከጀሊላ አባት ማሳ ዳር የመጣ ነው። ለልጃቸው ለሙና የሠርግ አልጋና ቁም ሣጥን ይሆናል ተብሎ ሁለት ዓመት ሲደርቅ ቆይቷል። አሁን አዲስ የስብሰባ ጠረጴዛ ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

ጀሊላ ከበሩ ቆማ ስትመለከተው ቆየች።

«ነገ ይጠይቁሃል?»

«ይጠይቁኛል።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት እላለሁ። አልዋሽም።»

«ለምን ቆረጥከው ሲሉህስ?»

መላጊያውን አንሥቶ ሳንቃው ላይ ገፋው። የተላገውን ገጽ በመዳፉ ዳበሰ።

«ንገራቸው፣ ሀምዲን» አለች። «የሰው ሐቅ ትፈራለህ፤ የእኔን ሐቅስ? ነገ ገበያ ስወጣ የዘራፊው ሚስት ሲሉኝ ምን ልበል? ሙናን ማን ያገባታል?»

ይህን ስትል እውነቷን ነው። ከዚያ ኅዳር ወዲህ በዚያ አገር «ዘራፊ» ከሚለው ቃል የሚብስ ስድብ የለም። ሌባ ንስሐ ይገባል፤ ነፍሰ ገዳይም በሽማግሌ ይታረቃል። ጎረቤቱ በተሰደደበት ቀን እጁን የዘረጋ ሰው ግን ሰላምታ እንኳ አይመለስለትም። ስም ከመቃብር በላይ ነው፤ የሀምዲን ስም ደግሞ ነገ ሊቀበር ነው።

«አንጓች የቀራት ያ ሣጥን ብቻ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው እንደ ውሻ በየመንገዱ በወደቀበት ቀን የእኔ ባል በሣጥን ተቀበረ እያለች ነው የምትጽናና። በየቀኑ ወለል ስትጠርግ ትነግረኛለች። ሣጥኑ ከድርጅቱ ሳይፈቀድ የተወሰደ ነው ብዬ በምን አፌ ልንገራት? ነገ ያ ቡድን ይሄን አግኝቶ ምን ብሎ ይጽፍባታል?»

«አልሰረቅክም።»

«ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት። ምን ልበለው? ይሄን ጠረጴዛ እተካለሁ፤ ከዚያ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ። በቃ።»

«እስከዚያ እኛ እንሙት?»

ሀምዲን ወደ ሳንቃው ጎንበስ አለ። እሷም ኩራዝ የምታህለውን የእጅ ባትሪ አምጥታ ከጎኑ ያዘችለት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአዲሱ አዳራሽ ሦስቱ ተቀመጡ። ወንድምአገኘሁ በአንድ በኩል፣ ሱሀይላ ዝርዝሯን ዘርግታ ከጎኑ፣ ሀምዲን ከፊታቸው። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር በር ተዘግቶ ነበር የሚጠየቀው። አሁን የሚዘጋ በር የለም። በሌላው ጫፍ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። አንጓች ነች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ኩባንያው በጽዳት ሥራ ቀጥሯታል። ሀምዲን አንዴ አያትና ዓይኑን መለሰ።

«ጋሽ ሀምዲን» አለ ወንድምአገኘሁ፣ «እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማይዎት። ይሄ ሥራ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

ወንድምአገኘሁ ክህደት ነበር የጠበቀው። ያዘጋጀው ጥያቄ ሁሉ ጠፋበት።

«እንዴት የእርስዎ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«ሸጡት?»

«ወላሂ፣ አልሸጥኩትም።»

«ቤትዎ ነው ያለው?»

«ቤቴ አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው?»

ሀምዲን ጉልበቱን ጨበጠ። መስታወቱን የምታብሰው እጅ ሽር ሽር ማለቷን አላቋረጠችም። «እሁድ አዲስ ጠረጴዛ አመጣለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንጨቱ ከድሮው የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ አውፍ ይበለኝ። ሌላ የምናገረው የለኝም።»

«እኔ ጠረጴዛ አይደለም የጠየቅሁዎት» አለ ወንድምአገኘሁ። ድምፁ አዳራሹ ውስጥ አስተጋባ፤ መጋረጃ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ የሚውጠው ነገር የለም። «ሰኞ ለአርባ ሁለት ሰው ምን ልበል? ይስማው በሩ ላይ ሲሞት እርስዎ ውስጥ ገብተው እንጨት ይቆርጡ ነበር ልበላቸው?»

ሀምዲን ፊቱ ጨው መሰለ። ወንድምአገኘሁ የስንብቱን ደብዳቤ ወደ እሱ ገፋው፤ እስክርቢቶም አስቀመጠለት። ሀምዲን እስክርቢቶውን አነሣ። እንደ መሮ ነበር የጨበጠው።

«ይቆዩ» አለች ሱሀይላ። እሷ ቅጽ ሳይሞላ ነገር አያልፍም። «ቀኑን መጻፍ አለብኝ። መቼ ነው የቆረጡት?»

ሀምዲን ሳያስብ መለሰ። ለቀን መዋሸት ትዝ አላለውም። «ኅዳር ሁለት፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት።»

የጨርቁ ድምፅ ቆመ።

አንጓች ዞረች። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ከዚያኛው ጫፍ እስከ እነሱ ለመድረስ ብዙ እርምጃ ነው። ከጨርቁ ውኃ በአዲሱ ወለል ላይ እየተንጠባጠበ መጣች። ሱሀይላን አላየችም፤ ወንድምአገኘሁንም አላየችም።

«ጋሽ ሀምዲን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «በናንተ፣ በእስላሞቹ፣ ሙት እንዴት ነው የሚጋደመው?»

«አንጓች፣ ተይው...»

«እንዴት ነው የሚጋደመው?»

«በቀኝ ጎኑ» አለ።

«በጀርባው አይደለም?»

«አይደለም።»

አንጓች ራሷን ነቀነቀች። «ባሌን የቀበሩት ሰዎች ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ነው የቆፈርነው ብለውኛል። ሣጥኑ እንደ አልጋ ሰፊ ነበር አሉኝ። ቄሱን ማን ሠራው ብላቸው አደራ አለብኝ አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን ሰፋ እያልኩ ሳስብ ነበር። የተቀበረው ዓርብ ነው፣ ኅዳር ሦስት።»

ሱሀይላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ወንድምአገኘሁ ደብዳቤውን አየ፤ ከዚያ ሁለቱን የጠረጴዛ እግሮች አየ። የገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሲገባው ግን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ተሳስቼ ነው» አለ ሀምዲን። እንባው መጣበት። «ሣጥን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ለመጋደሚያ ብዬ ነው ቦታ የተውኩት። በዚያ ቀን፣ በዚያ ተኩስ፣ ሰዎቹን ሁለት ጊዜ አስቆፈርኳቸው። እንጨቱንም ሳላስፈቅድ ነው የወሰድኩት። አውፍ በይኝ።»

አንጓች እርጥቡን ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ፈገግ ያለች ይመስል ነበር፤ እንባዋ ግን ይወርዳል።

«ይስማውኮ» አለች፣ «ዕድሜውን ሙሉ በጀርባው ተኝቶ አያውቅም።»

ሱሀይላ ዝርዝሯን ወደ ራሷ ሳበች። በአሥራ ሰባተኛው ተራ «የስብሰባ ጠረጴዛ፣ ዋንዛ፣ አንድ» ከሚለው ጎን «የተዘረፈ» ይል ነበር። በማስመሪያ ሰርዛ «ወጪ የሆነ» ብላ ጻፈች። ተረካቢ በሚለው ቦታ «ይስማው፣ የጥበቃ ሠራተኛ»፣ ምክንያት በሚለው ደግሞ «ሀምዲን ለሠራለት የሬሳ ሣጥን» አለች። ወንድምአገኘሁ አንብቦ ደብዳቤውን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ስልኩን አውጥቶ ወረቀቱን ሊያነሣ ሲል ሱሀይላ በእጇ ከለከለችው።

«ፊርማ ይጎድለዋል» አለች።

አንጓች እጇን በሽርጧ ጠረገች። እስክርቢቶውን ከሀምዲን ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ፣ ፊደል በፊደል ስለ ባሏ ፈረመች። ወንድምአገኘሁ ፎቶውን አንሥቶ ምንም ቃል ሳይጨምርበት ወደ ቡድኑ ላከው።

ሰኞ ጠዋት አርባ ሁለቱም ከአውቶቡስ ወረዱ። ወንድምአገኘሁ ብርሃኑን ሊያሳያቸው በመስታወቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። እነሱ ግን አዳራሹን ቀና ብለው አላዩም። ያልደረሱት ለቅሶ ነበረባቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንጓች የት ነች ብለው ጠየቁ።

አንጓች በአዲሱ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣለች። ሀምዲን ገጣጥሞ ጨርሶ መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲል እጁን ይዛ «የት ይሄዳሉ? የቀበሩት እርስዎ ነዎት፤ ሐዘኑ የሁለታችን ነው» ብላ ከጎኗ አስቀምጣዋለች። ሰዎቹ ተራ በተራ እየመጡ እሷን ያጽናናሉ፤ ቀጥሎም ወደ እሱ ጎንበስ ይላሉ። ከዘራፊ ጋር ልቀመጥ ነው ብላ የጻፈችዋ ሴትም መጣች፤ እጁን ስማ «ነፍስ ይማር» አለችው። ሀምዲን ከእሷ በፊትም ከእሷ በኋላም ለመጣው ሁሉ እንዳለው ለእሷም «አሚን» አላት።